ተቆርጦ ነው ወይስ ተሰፍቶ?

ደሴ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ጉልበታቸውን በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ ኦፕሬሽን ተሠርተው፣ አብዛኞቹም ከአዲስ አበባ፣ ወደ እኛ የሚመጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አንዱ የኮምቦልቻ ልጅ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ይጭናል፤ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ተጠምዞ ነው ለኦፕሬሽን የበቃው። በሦስተኛው ሳምንት ክራንቹን ቤት ትቶ፣ ከእናቱ ጋር መጣ። ጉልበቱ አብጧል።

«ሁለት ሚጢጢ ቀዳዳ እኮ ናት ልጄ፤ ቁስሉም ደርቋል። ምን አሳበጠው?» አሉኝ እናቱ።

እውነታቸውን ነው፣ ከውጭ ምንም አይታይም። ካሜራው 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢወፍር ነው። ውስጥ ግን ሁለት የተለያየ ሥራ ሊሠራ ይችላል። በጭንና በቅልጥም አጥንት መሃል እንደ ትራስ የተነጠፈው ሜኒስከስ ሲቀደድ፣ ወይ የተቀደደው ተቆርጦ ይወጣል፣ ወይ ይሰፋል። የተቆረጠለት ቶሎ ይራመዳል። የተሰፋለት ግን መታገስ አለበት፤ ደም በደንብ የሚደርሰው የሜኒስከሱ ውጭኛው ጠርዝ ብቻ ስለሆነ ስፌቱ ቶሎ አይዝም። ብዙ ሐኪሞች ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍ ያዛሉ። ቁጢጥ ማለት ደግሞ ለወራት አይፈቀድም።

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። መሰፋቱም፣ ዲግሪውም በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ቁጭ አድርጎ ያስረዳው ግን የለም። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

«ሶላት እንዴት ነው የምትሰግደው?»

«እንደ ድሮው ነዋ። ቁስሉ ሲደርቅ ጀመርኩ።»

በቀን 5 ጊዜ፣ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ አጥፎ፣ ክብደቱን ጭኖበት! የሽንት ቤቱ ሲጨመር አስቡት።

ፎጣ ጠቅልዬ ከጉልበቱ ሥር አደረግሁና «ወደ ታች ተጫነው» አልኩት። እጄን ጭኑ ላይ አሳረፍኩ። ጡንቻው ንቅንቅ አላለም። ጉልበት ውሃ ሲቋጥር የፊት ጭን ጡንቻ አልታዘዝ ይላል። ደጋግመን ሞከርን፤ መጨረሻ ላይ ከመዳፌ ሥር ትንሽ ሲጠነክር ተሰማኝ። «አብሽር፣ ይመለሳል» አልኩት።

ያን ቀኑን ለሠራው ሐኪም ደወልኩ። አስጠርቶ አየው፤ ደግነቱ ስፌቱ እንደያዘ ነው። ወንበር ላይ መስገዱን እናቱ ወዲያው ተቀበሉት፤ «ለታመመ ሰው ዲኑም ይፈቅዳል» አሉ። ያስቸገረው ሽንት ቤቱ ነበር። ለእሱም ጎረቤታቸው አናጢው የእንጨት ወንበር መቀመጫ ቀዶ ሰጣቸው።

አሁን ቁስሉን ከማየቴ በፊት ወረቀቱን እጠይቃለሁ። ተሰፍቶ ከሆነ ሙስሊሙን ስለ ሶላት፣ ክርስቲያኑን ስለ ስግደት፣ ሁሉንም ስለ ሽንት ቤት እጠይቃለሁ። ስፖርቱን የምናስጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።