ዩዝድ ላፕቶፕ ስገዛ ውስጡን እንዴት እንደመረመርኩ

ታናሽ እህቴ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ልትማር ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ላፕቶፕ የመግዛቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። አዲስ ለመግዛት አቅማችን አልፈቀደም። ስለዚህ መገናኛ አካባቢ ያሉትን ሱቆች እየዞርኩ ዩዝድ መፈለግ ጀመርኩ። እዚያ ያስተዋልኩት ነገር አለ። ገዢው ሁሉ "ኮር አይ ስንት ነው?" ብሎ የፕሮሰሰሩን (የኮምፒውተሩን ዋና ማስሊያ ክፍል) ዓይነት ይጠይቃል፤ መልሱን ሰምቶ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። በእኔ እምነት ግን ዩዝድ ዕቃ ሲገዛ ከሁሉም በላይ መታየት ያለበት የሚያረጀው ክፍል ነው። ፕሮሰሰር ለብዙ ዓመት ሳይበላሽ ይኖራል። ባትሪ፣ ዲስክ እና ፋን ግን በየቀኑ ያልቃሉ።

ፕሮሰሰሩም ቢሆን በስቲከር አይታመንም። አንዱ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዴል ላቲትዩድ ጎን ለጎን ነበሩ። አይ7 የሚል የተለጠፈበት ወደድ ይላል፤ አይ5 የሚለው ረከስ ይላል። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን (ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ፕሮግራም) ከፈትኩ። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሙሉ ስማቸው ወጣ። ውዱ አይ7-6600ዩ፣ ርካሹ አይ5-8250ዩ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጄኔሬሽኑን (ትውልዱን) ይናገራል። አንዱ 6ኛ ነው፣ ሌላው 8ኛ። (ከ10ኛ ወዲህ ያሉት ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ናቸው የሚታዩት።) 6600ዩ ሁለት ኮር (ሥራ የሚሠራ ክፍል) ብቻ ነው ያለው፤ 8250ዩ ግን አራት አለው። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለ ኢንቴል አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ርካሹን ያዝኩ።

ከዚያ ሻጩን "ወንድሜ፣ በራሴ ፍላሽ ላስነሳው?" አልኩት። ኡቡንቱ የሚባለውን፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ነፃ ሲስተም የጫንኩበት ፍላሽ ይዤ ነው የሄድኩት። ይህን የማደርገው ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ዊንዶውስ የሚያሳየኝን ብቻ ላለመቀበል ነው። ከፍላሽ ሲነሳ ዕቃውን በቀጥታ አያለሁ፤ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን)፣ ዲስኩን፣ ዋይፋዩን። ሌላም ጥቅም አለው። ከፍላሽ ለማስነሳት ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ስለምገባ፣ የባዮስ ፓስወርድ ካለበት እዚያው ይታወቃል። ፓስወርዱን የማያውቅ ሻጭ ከሆነ እኔ ትቼው እወጣለሁ።

ባዮሱ ውስጥ ሦስት ነገር አየሁ። አንደኛው ሰርቪስ ታግ የሚባለው መለያ ነው። ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ወይ ማዘርቦርዱ ወይ ሽፋኑ ተቀይሯል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ዴል ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡት ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረውም ያሳያችኋል። ሁለተኛው ኮምፒውትሬስ የሚባለው የስርቆት መከታተያ መከፈት አለመከፈቱ ነው። ሦስተኛው ቻርጀሩ ነው። ዴል ቻርጀሩን ለይቶ ያውቃል፤ ስንት ዋት እንደሆነ ባዮሱ ላይ ይጽፋል። ፎርጂድ ከሆነ ላያውቀው ይችላል፤ ያኔ ላፕቶፑ ቢሠራም ባትሪው ቻርጅ አያደርግም። የእኔው 65 ዋት ብሎ ጻፈ።

ከውጭ የሚመጡት ዩዝድ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ዕቃ የነበሩ ናቸው። የድሮው ድርጅት ከመዝገቡ ካልሰረዛቸው አንድ ቀን ዊንዶውሱን ሪሴት አድርጋችሁ ኢንተርኔት ስታገናኙ የማታውቁትን ድርጅት ኢሜይል ይጠይቃችኋል። ሌላ ሱቅ ያየሁት አንድ ቆንጆ ላፕቶፕ እንዲህ ነበር። ስለዚህ ሻጩ እዚያው ፊቴ ሪሴት እንዲያደርገው ጠየቅሁ፤ ኢንተርኔቱን ከስልኬ አገናኘሁት። ጊዜ ይወስዳል። ቡና እየጠጡ መጠበቅ ነው።

ዲስኩ 256 ጊጋባይት ነው ተብሎ 238 ሲያሳይ ተጭበረበርኩ የሚል ሰው አውቃለሁ። ይህ ማጭበርበር አይደለም። አምራቹ በ1,000 ነው የሚቆጥረው፣ ዊንዶውስ በ1,024። መታየት ያለበት ጤንነቱ ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍላሼ ከፈትኩ። ኤስኤስዲው (አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ምን ያህል ዳታ እንደተጻፈበት፣ ዕድሜው ስንት ፐርሰንት እንደቀረ ያወጣዋል። የእኔው 91 ፐርሰንት ነበር። አሮጌው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን ሪአሎኬትድ እና ፔንዲንግ ሴክተር የሚሉት፣ የተበላሹና የተጠረጠሩ የዲስክ ቦታዎችን የሚቆጥሩት መስመሮች ዜሮ መሆን አለባቸው። ከዜሮ ካለፉ ዲስኩ መሞት ጀምሯል ብላችሁ ቁጠሩት።

ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። ታስክ ማናጀር ሜሞሪ የሚለው ላይ ከሁለት ቦታ አንዱ ብቻ መያዙን አሳየኝ። ይህ ደስ አሰኘኝ። ሁለተኛ ዲዲአር4 ራም ሲጨመር ሁለቱ ራሞች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ግራፊክሱም ከዚያው ራም ስለሚበላ ይፈጥናል።

ባትሪውን የመረመርኩበት መንገድ ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ፓወር ሲኤፍጂ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ባተሪ ሪፖርት ብዬ ጻፍኩ፤ እያንዳንዱ ቃል በእንግሊዝኛ ተጣብቆ ነው የሚጻፈው። ማሽኑ አንድ ፋይል አወጣ። ዲዛይን ካፓሲቲ (ባትሪው አዲስ ሳለ የሚይዘው) የሚለው 60,000 ሚሊዋት አወር ይላል። ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ (አሁን ሞልቶ የሚይዘው) የሚለው ግን 33,000። ግማሽ ገደማው አልቋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሻጩ ሁለቱን ቁጥር አሳየሁት። ምንም አላለም፤ ከዋጋው ላይ የባትሪ ቀነሰልኝ።

በመጨረሻ ዩቲዩብ ላይ ከፍ ያለ ቪዲዮ ከፍቼ፣ ብዙ ታብ ደራርቤ ተውኩት። የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከታስክ ማናጀር እየተከታተልኩ ጆሮዬን ወደ ፋኑ አስጠጋሁ። ፍጥነቱ በድንገት ወርዶ ከቀረ ሙቀት አለ ማለት ነው። የእኔው ትንሽ ወረድ ይል ነበር። ቤት ስወስደው የኋላ ሽፋኑን ፈትቼ አየሁት፤ የፋኑ መውጫ በአቧራ ተደፍኗል። አጸዳሁት፣ ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ፔስት ቀየርኩ፣ ተስተካከለ።

ባትሪውን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለወጥንላት። አዲስ ተብሎ የተሰጠኝ ላዩ ላይ 60 ዋት አወር (60,000 ሚሊዋት አወር ማለት ነው) ይላል። ሱቁ ውስጥ እንዳለሁ ገጥሜ ያንኑ ሪፖርት አወጣሁ፤ ዲዛይን ካፓሲቲው 42,000 ብቻ ነው። ባለሱቁ ራሱ ስክሪኑን አይቶ ሌላ አመጣ። ሁለተኛው ልክ ነበር።