ቀጭን ነኝ ብዬ ያባከንኩት ዓመት

ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካለች አንዲት ቢሮ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ የሰው ደረሰኝ ስደምር እውላለሁ። የራሴን የኮሌስትሮል የደም ምርመራ ውጤት ግን ሳልደምር አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ምርመራው ቀላል ነው። ተመዘገብኩ፣ ከፈልኩ፣ ክንዴን ሰጠሁ፣ አለቀ። "ሳትበላ ና" ያለኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በዋዜማው በርጫ ላይ ነበርን። ስኳር የበዛበት ሻይ፣ በላዩ ኮካ፣ ማታ ደግሞ መጋላ ወርደን ሳምቡሳ። ጠዋት ዳቦ በሻይ በልቼ ሄድኩ።

ውጤቱ እንዲህ ይላል፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 268፣ ኤችዲኤል (ጥሩው የሚባለው ኮሌስትሮል) 38፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ቅባት) 430፣ ኤልዲኤል (መጥፎው የሚባለው) 144። ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ቅቤና ሥጋ ቀንስ፣ የዛሬ ዓመት ተመለስ" አለኝ። 62 ኪሎ ነኝ እኮ! ቢሆንም ታዘዝኩ። ዓመቱን ሙሉ ሥጋ ቤቴ አልገባም። በፋሲካ እማዬ የሠራችውን ዶሮ ወጥ ሳልነካ ስነሳ ለሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

በዓመቱ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። የድሮውን ወረቀት አየችና እስክሪብቶ አነሳች። "ይሄ 144 ተለክቶ የመጣ አይደለም፣ በስሌት ነው" አለችኝ። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤሉ ይቀነሳል፣ የትራይግሊሰራይዱ አንድ አምስተኛም ይቀነሳል። 268 ሲቀነስ 38፣ ሲቀነስ 86። በቃ ይኸው ነው! ቀመሩ በፈረንጆች 1972 የወጣ ነው፤ ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ አይሠራም። ኤልዲኤሉን ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል። ማሽኑስ ማሽን ነው፣ ያተመው ሰውዬ ግን ይህን ማወቅ ነበረበት። እኔስ? ለደንበኛ የአምስት ብር ልዩነት የማላሳልፍ ሰው፣ ሦስት ቁጥር ቀንሼ ማየት አቃተኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

12 ሰዓት ጾሜ ደገምኩት። ትራይግሊሰራይድ ወደ 180 ወረደ። ጠቅላላው 285፣ ኤልዲኤል 210። ያኔ ነው "አባትህ በስንት ዓመታቸው አረፉ?" ያለችኝ።

በ49። ግንቦት ነበር፣ ድሬ እንደ ምጣድ የምትግልበት ወቅት። ሰው ሁሉ "ፀሐይ መታው" አለ፤ እኛም ተቀብለን ቀበርነው።

ኤልዲኤል 190ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከሳህኑ በፊት ዘርን ጠይቅ አለችኝ። አንዳንዱ ሰው ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅመው የጉበት ተቀባይ ጂን ተበላሽቶበት ይወለዳል። ከ250 እስከ 300 ሰው አንዱ እንደዚያ ነው፤ ለልጁ የማውረድ ዕድሉም ግማሽ በግማሽ። በብዙ ሰው ላይ ግን ነገሩ እንደ ዕድር መዋጮ ነው። እያንዳንዱ ጂን ሳንቲም ሳንቲም ይጥላል፣ ድምሩ ይከብዳል። በፈረንጆች 2021 የወጣ 1.6 ሚሊዮን ሰው ያካተተ ጥናት የደም ቅባትን የሚነኩ ከ900 በላይ የጂን ቦታዎች ቆጥሯል። አፖኢ የሚባለው ጂን አራተኛው ዓይነት ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፣ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ። በአፖኤ5 ላይ ያሉ ለውጦች ትራይግሊሰራይዱን ይሰቅሉታል። እንደኔ ባለው ሰው ላይ በርጫና ኮካ ሲጨመርበት አስቡት። ዕድለኞችም አሉ፤ ፒሲኤስኬ9 የሚባለው ጂናቸው አንዱ ቅጂ የማይሠራ አንዳንድ ጥቁር አሜሪካውያን ኤልዲኤላቸው 28 በመቶ ያነሰ፣ የልብ ሕመማቸውም በጣም ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል።

እኔ ከየትኛው እንደሆንኩ አልተመረመርኩም። "መድኃኒቱ የጂን ውጤት አይጠብቅም" ብላ አቶርቫስታቲን የሚባል ኮሌስትሮል ቀናሽ፣ ባለ 40 ሚሊግራሙን፣ ጀመረችልኝ። በሦስት ወር ኤልዲኤሌ 114 ገባ።

አሁን አሁን ሳይጾሙም መመርመር ይቻላል ይላሉ። ለሌላው ይሁን። በርጫ ውሎ ማታ ሳምቡሳ የሚበላ የድሬ ሰው ግን ጾሞ ይሂድ ባይ ነኝ፤ ሳይጾም ከሄደም ትራይግሊሰራይዱን ሳያይ ኤልዲኤሉን አይመን። ቀጭን ነኝ የሚለውን ወሬም ተዉት። ከሁሉ በፊት አባት፣ እናት፣ አጎት በስንት ዓመታቸው ምን ሆነው እንደሞቱ ጽፋችሁ ያዙ።

እህቴን ወሰድኳት፣ ኤልዲኤሏ 198 ወጣ፤ መድኃኒት ጀምራለች። የቀረው ታናሽ ወንድማችን ነው። ባጃጅ ነጂ፣ ከኔም ይቀጥናል። ስንት ለምኜው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተቀጣጠርን። ዓርብ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ላስታውሰው ደወልኩ። እያኘከ አነሳው። "ምን እየበላህ ነው?" አልኩት።

"አንድ ብቻ ናት" አለኝ።

ሳምቡሳ።