ከዘጌ መልስ፦ የጣና ሞገድና የእናቴ ሎሚ

እናቴ የዘጌዋን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሳልሳለም እንዳልሞት እያለች ለዓመታት ስትወተውተኝ ኖራ፣ ባለፈው ጥር ከደሴ ተነሥተን ባሕር ዳር ገባን። በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለመነሣት፣ ለደርሶ መልስ 3,000 ብር ከአንድ ባለጀልባ ጋር ተስማማን፤ እሱ ግን ሰው እስኪሞላለት ድረስ እስከ 5 ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆየን። መዘግየቱን የማነሣው ቂም ይዤ አይደለም፤ ጣና ላይ የሰው ምቾት የሚወሰነው በሚነሣበት ሰዓት መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ቀን ስለሆነ ነው። ጠዋት ስንጠብቅ የደንገል ታንኳዎች ርቀው ወጥተው ሲቀዝፉ አይቻለሁ፤ ከቀትር በኋላ ስንመለስ ግን አንድም ታንኳ በውኃው ላይ አልነበረም።

ወደ ዘጌ ስንሄድ መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ በቡናው ጫካ ወጣን፣ እናቴ ደጁን ተሳልማ፣ ሥዕሎቹን አይታ፣ አልቅሳ ተመለሰች።

ነፋሱ የተነሣው ለመመለስ ስንሳፈር ነው። እናቴ አየር እንድታገኝ ብዬ ከጀልባው ፊት አስቀምጫት ነበር፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። ሞገዱ ከግራ በኩል እየመጣ ጀልባውን ሲያጋድለው፣ ከአግዳሚው ሥር የወደቀ የውኃ ላስቲክ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተንከባለለ ይመላለስ ነበር። የጀልባው ፊት ከፍ ብሎ በወደቀ ቁጥር እናቴ በአንድ እጇ ብረቱን፣ በሌላው ግማሽ ሎሚ ጨብጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ያ ሎሚ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ሁልጊዜ ያሻግራት ነበር፤ ነገር ግን እዚያ ሾፌሩን አቁምልን ማለት ይቻላል።

«ወደ ላይ እያለኝ ነው» ስትል፣ ከኋላችን የነበረ ወጣት ተነሥቶ፣ «እማማ፣ ፊት ለፊት አይሆንዎትም፤ ይምጡ፣ እኔ ቦታ ይቀመጡ» ብሎ ደግፎ መሐል አመጣት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ ተምሮ በጭነት መርከብ ሞተር ክፍል የሚሠራ፣ ለዕረፍት የመጣ ልጅ ነበር። የተሳፈርንበት ነገር እንደ ሚዛን ነው አለኝ፤ ጫፎቹ ከፍ ዝቅ ሲሉ መሐሉ እምብዛም አይነቃነቅም። ከ300 ሜትር በላይ በሚረዝሙት የመንገደኛ መርከቦች ላይም ሆድ የሚረበሽበት ሰው ከታችኛው ፎቅ መሐል ላይ ያለ ክፍል ይመርጣል። እነዚያ መርከቦች ከውኃ በታች በግራና በቀኝ ክንፍ መሰል ማረጋጊያ አላቸው፤ ወደ ጎን መጋደልን በእጅጉ ይቀንሳል፣ የፊትና የኋላውን መነሣትና መውደቅ ግን እምብዛም አያስቀርም። ያላሰብሁትን ሌላ ነገርም ነገረኝ፦ ሰውን ይበልጥ የሚያቅለሸልሸው ፈጣኑ ንጠት ሳይሆን፣ በ5 ሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ የሚመላለሰው ዝግ ያለ መነሣትና መውደቅ ነው። ስለዚህ መርከቡ ግዙፍ ነው ብሎ ፈጽሞ አይነካኝም ማለት አይቻልም።

ከዚያ ለእናቴ፣ «ዓይንዎን አይጨፍኑ፤ ያንን የቤዛዊትን ኮረብታ ይመልከቱ» አላት። የውስጥ ጆሮ እንቅስቃሴውን ይሰማዋል፣ ዓይን ግን አጠገቡ ያለውን አግዳሚ ብቻ ሲያይ የቆመ ይመስለዋል፤ ማቅለሽለሹ የሚመጣው ከዚህ አለመስማማት ስለሆነ፣ የማይነቃነቅ ሩቅ ነገር ማየት ይረዳል። እውነትም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፊቷ ተመለሰ፤ የማን ልጅ እንደሆነና ማግባት አለማግባቱን ትጠይቀው ጀመር።

ከወረድን በኋላ ባለጀልባው ዘጌ ላይ ለጠበቅኋችሁ በማለት 500 ብር ጨመረብን። ሦስት ሰዓት ያስጠበቀን እሱ ስለነበር እጅግ አዘንሁ፤ እናቴ ግን ደጁን ተሳልመን መጥተን አትጣላ ብላ ስለያዘችኝ ከፈልሁ።

ማታ ሆቴል ገብተን መብራት ካጠፋን በኋላ እናቴ ጠራችኝ። አልጋው ይወዛወዛል አለችኝ። በስልኬ አብርቼ አራቱንም እግር አየሁ፤ ደኅና ቆመዋል። ልጁ ይህንንም ነግሮኝ ነበር፤ ከውኃ ከወረዱ በኋላ መሬቱ ለሰዓታት የሚንቀሳቀስ መስሎ የሚሰማቸው አሉ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ነበር።