ቫዮሊን የሌለበት ሰማይ

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ለቡ ጣቢያ ድረስ ያለውን የባቡር መንገድ አላወራላችሁም፤ አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ወሬው የሚጀምረው ጣቢያው በር ላይ ነው። ባለላዳው ፒያሳ ለመውሰድ 1,500 ብር ጠራ። ድሬ ላይ በዚህ ብር ባለባጃጅ ስንት ቀን ያመላልሰኝ ነበር! ተጨቃጭቀን 1,100 ላይ ተስማማን። መንገዱን ሙሉ «አባቴ፣ ነዳጅ እኮ ጨመረ» እያለ አንጀቴን ሊበላ ሞከረ። ስወርድ 1,200 ሰጠሁት። መልስ የለኝም አለ።

ፔንሲዮኑ ንጹሕ ነው፤ ክፋቱ መጋረጃው ስስ ነው። በኮሪደር ልማት የተደረደሩት የመንገድ መብራቶች ክፍሌን ቀን አደረጉት። ታች ያለው ግሮሰሪ ደግሞ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስፒከሩን አልዘጋም። ተነሥቼ በመስኮት ወደ ላይ ባይ አንድም ኮከብ የለም። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሰው ይማረራል። እኔ ወንበሬን ደጅ አውጥቼ ሰማይ አያለሁ። ሚስቴ «ፍሪጅ ውስጥ ሥጋው እየተበላሸ አንተ ኮከብ ትቆጥራለህ» ትለኛለች።

ጠዋት የእህቴ ልጅ መጣች። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ትማራለች፤ ተቀምጠው የሚጫወቱት፣ ከቫዮሊን የሚበልጥ ባለአውታር መሣሪያ ነው። ፒያሳ ካፌ ተቀምጠን ስለ ሌሊቱ ስነጫነጭባት ሳቀች።

«አጎቴ፣ አንተን የሚመስል ሰው ነበር። ቫን ጎግ የሚባል ሠዓሊ» አለችኝ።

ታሪኩን እሷ ነገረችኝ። ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1889 ፈረንሳይ ሳን ሬሚ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ውስጥ ነበር። ከክፍሉ መስኮት ያየውን የሌሊት ሰማይ ቀን ላይ በትዝታ ሳለው። ሥዕሉ ዛሬ ኒው ዮርክ ነው ያለው። መንደሯ ታች ተኝታለች፤ ላይ ሰማዩ ይሽከረከራል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኦንሪ ዱቲዬ ከዚያ ሥዕል ተነሥቶ ለኦርኬስትራ አንድ ሥራ ጻፈ። ጥር 1978 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ ታዋቂው ቼሎ ተጫዋች ሮስትሮፖቪች ኦርኬስትራውን እየመራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ።

«ቫዮሊንና ታላቅ እህቱ ቪዮላ ጭራሽ የሉበትም» አለችና ኢርፎኑን ጆሮዬ ውስጥ ሰካችው።

መጀመሪያ ላይ ምንም አልጣመኝም። ዜማ የለውም፤ ጣቴን የማንኳኳበት ምት ፈልጌ አጣሁ። ቆይቶ ግን ገባኝ። ላይ ዋሽንቶችና ኦቦ የሚባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ይንጫጫሉ። ታች ከቼሎም የሚበልጡት፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ኮንትራባሶች ያጉረመርማሉ። መሃሉ ክፍት ነው፤ ፎቅ ሆኖ ደረጃው የተወሰደበት ቤት። ዱቲዬ በምድርና በሰማይ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ለማሰማት ነው ቫዮሊኖቹን ያስቀራቸው። አሥራ ሁለቱ ቼሎዎች ደግሞ መሪውን ከብበው በግማሽ ክብ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሙዚቃው ወደ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ፤ ሒሳቡን ሳየው ግን ቀዝቅዞም ቢሆን ጨለጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ወደ አፍሪካ አዳራሽ ወረድን። እሷ አስቀድማ አስመዝግባኝ ነበር። ፍተሻው ረጅም ነው፤ ቀበቶዬን አስፈቱኝ። ሕንፃውን ጣሊያናዊው አርቱሮ መዜዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1955 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የተመሠረተው እዚሁ ነው። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሸምድደነዋል። እኔ የመጣሁት ለሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ነው። 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በሦስት መስኮት ያለፈችውን፣ ያለችውንና የምትመጣዋን አፍሪካ ያሳያል።

ስንገባ ደመና ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ። ቀለሙ ፈዟል፤ በፖስትካርድ ያየሁት ይሻላል ብዬ ልወጣ ነበር። አንድ ጥበቃ ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ ጠጋ አለኝ።

«ትንሽ ይታገሱ አባቴ። ከዚህ ሳይሆን ከዚያ ይቁሙ። ደመናው ሲገፈፍ ያዩታል።»

ራሱ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ጉርሻ ባቀርብለት በእጁ መለሰው። ባለላዳውን አስታወስኩና ለራሴ ሳቅሁ።

ደመናው ገለል አለ። ቀዩ ተቀጣጠለ ብል አላጋነንኩም። ቢጫው ተከተለ፤ ቀጥሎ ሰማያዊው ከጥግ ወጣ። ወለሉ ላይ፣ ጫማዬ ላይ፣ የልጅቷ ነጠላ ላይ ቀለም ፈሰሰ። ጠጋ ብዬ አንዱን ቁራጭ አየሁት። ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር መስመር አጥሮታል። በዚያ ጥቁር ላይ ብርሃን አያልፍም። ቀዩን ቀይ ያደረገው እሱ መሰለኝ።

«ያንቺ ሰውዬ ያስቀራቸው ቫዮሊኖች እነዚህ ናቸው» አልኳት ጥቁሩን እያሳየሁ።

«አይደሉም» አለች ወዲያው። «ጥቁሩ ይታያል። ቫዮሊኖቹ ግን የሉም። የሌለ ነገር ነው የምትሰማው።»

ተከራከርን። አላሳመነችኝም፤ እኔም አላሳመንኳትም። እየተጨቃጨቅን ለገሀር ድረስ በእግር ሄድን። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ የድንጋዩ አንበሳ ጋ ስንደርስ እግሬ ዛለና ቆምኩ። አርመናዊው ኔርሲስ ናልባንዲያን በዘመኑ ሙዚቃ የመራው በዚህ ቴአትር ቤት ነው።

«እዚህ ቢጫወቱትስ?» አልኳት።

«አሥራ ሁለት ቼሎ ከየት ይመጣል አጎቴ? ከዚያ ደግሞ አሥር ኮንትራባስ አለ። እሱን ተሸክሞ ሚኒባስ የሚገባው ማን ነው? ረዳቱ የሦስት ሰው ሒሳብ ነው የሚጠይቀው።»

«ቫዮሊን የሚጫወቱት ጓደኞችሽስ ምን ይሁኑ?»

«እነሱማ ትኬት ገዝተው ይግቡ» አለች።