ግማሽ ላይ የቆመው ሺህ ዓመት

የአይዛክ አሲሞቭ ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ «ፋውንዴሽን» አንባቢውን የሚይዘው በአንድ ስሌት ነው። ሃሪ ሴልደን የተባለ የሒሳብ ሊቅ፣ ጋላክሲውን በሙሉ የሚገዛው መንግሥት መፍረሱ እንደማይቀርና ከዚያም 30,000 ዓመት የሚዘልቅ የጨለማ ዘመን እንደሚከተል «ሳይኮሂስቶሪ» በተባለው ሳይንሱ ይደርስበታል፤ ውድቀቱን መከላከል ባይችልም ፋውንዴሽን የተባሉ ሁለት ተቋማትን በመትከል ጨለማውን ወደ 1,000 ዓመት ሊያሳጥረው ይነሳል። እኛ አፍቃሪዎቹ መጽሐፍ ከመጽሐፍ የተከተልነው ሺሁ ዓመት ሲሞላ የሚሆነውን ለማየት ነበር። ይሁን እንጂ በ1986 የታተመው አምስተኛው መጽሐፍ (ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የሚያበቃው ዕቅዱ ከተጀመረ 500 ዓመት ገደማ ላይ ሲሆን፣ አሲሞቭ ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ እንኳ ወደፊት አልሄደም።

ይበልጥ የሚያናድደው ፍንጩ መኖሩ ነው። በየምዕራፉ ራስጌ የምናነባቸው የ«ኢንሳይክሎፒዲያ ጋላክቲካ» ጥቅሶች፣ በፋውንዴሽን ዘመን አቆጣጠር በ1020 ተርሚነስ በተባለችው የመጀመሪያው ፋውንዴሽን ፕላኔት ላይ ከታተመው 116ኛ እትም የተወሰዱ መሆናቸውን ደራሲው ራሱ ነግሮናል። ስለዚህ ሺሁ ዓመት ካለፈ በኋላም እዚያች ፕላኔት ላይ መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው አለ ማለት ነው። በማን አገዛዝ ሥር? ሁለተኛው ፋውንዴሽንስ ምን ሆነ? መልስ የለም።

የእኔ ዋና ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ከ1951 እስከ 1953 የወጡት ሦስቱ መጻሕፍት የቆሙት፣ ታሪክን የሚያንቀሳቅሰው የብዙኃኑ ሕዝብ ድምር እንጂ የአንድ ግለሰብ ፈቃድ አይደለም በሚለው ሐሳብ ላይ ነው፤ የሰዎችን ስሜት እንዳሻው የሚቆጣጠረውና ዕቅዱን የሚያናጋው ሚዩል የተባለ ድል አድራጊ እንኳ የቀረበው ስሌቱ ሊያየው ያልቻለ ልዩ ክስተት ተደርጎ ነው። ድሉም ሽንፈቱም ለንጉሡ በሚሰጥበት ታሪከ ነገሥት ላደግን ለእኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። አሲሞቭ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ዝም ብሎ በ1982 ሲመለስ ግን ይህን ሥራ ከሮቦት ልብ ወለዶቹ ጋር ለማጋጠም ወሰነ። (አምስተኛውን ያላነበበ ሰው የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ይዝለለው።) የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ጎላን ትሬቪዝ ምድርን ፍለጋ ጋላክሲውን አስሶ ጨረቃ ላይ ሲደርስ የሚያገኘው ዳኒል ኦሊቫውን ነው፤ ለሺህ ዓመታት ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ የሰውን ልጅ ሲመራ የኖረ አንድ ሮቦት! ንጉሡ በጓሮ በር ተመለሰልን፤ ያውም የማይሞት ሆኖ።

ከዚያ በኋላ ደራሲው ፊቱን ወደ ኋላ አዞረ። የ1988ቱም፣ በ1992 ካረፈ በኋላ በ1993 የታተመውም መጽሐፍ የሚተርኩት የሴልደንን ዕድሜ ነው። የመጨረሻውን ልወቅሰው አልችልም፤ ሴልደን የሚወዳቸውን አንድ በአንድ እያጣ የሚያረጅበት ትረካ ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ልብ ይነካል። ነገር ግን ከ1997 እስከ 1999 ሥራውን የተረከቡት ግሪጎሪ ቤንፎርድ፣ ግሬግ ቤርና ዴቪድ ብሪንም ወደዚያው ወደ ሴልደን ዘመን መሄዳቸውን ለመቀበል ይከብደኛል። ሦስት ብርቱ ጸሐፊዎች፣ ፊት ለፊታቸው 500 ዓመት ባዶ ሜዳ ተዘርግቶ እያለ!

ሐዋሳ ውስጥ እነዚህን መጻሕፍት በቅደም ተከተል ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የያዘልንን እየተዋዋስን ነው የምናነበው። ታሪክ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ሐይቁ ዳር ስንቀመጥ ሁልጊዜ ይሞግተኛል፦ «አንተ ሰውዬ፣ የዕቅዱን መጨረሻ ቢጽፈው ኖሮ ደግሞ እንዲህ አይሆንም ብለህ ትጣላው ነበር» ይለኛል። ምናልባት እውነቱን ነው፤ ሆኖም ተጽፎ ብጣላው እመርጥ ነበር። እሱ አሁን ሦስተኛውን እየጨረሰ ነው። አራተኛውንም ሳላቅማማ እሰጠዋለሁ፤ ለሳይንስ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት ያለ ምክንያት አላገኘም። አምስተኛውን ግን ካልጠየቀኝ በቀር አላነሣበትም።