እግርም ሐሳብም ሲንሸራሸር

«በስብሰባው ላይ የተለያዩ ሐሳቦች ተንሸራሸሩ» ሲባል ማንም ግር አይለውም። ግሡ ግን የእግር ግሥ ነው። የሚያስቸኩል ጉዳይ የሌለው ሰው አየር ለመቀበል ወጥቶ ቀስ እያለ ሲራመድ ተንሸራሸረ ይባላል። ሌላውን ይዞ ከወጣ ደግሞ አንሸራሸረ ነው፤ ሕፃን ያንሸራሽራል፣ እንግዳ ያንሸራሽራል። «ሐሳብ ማንሸራሸር» የሚለውም አባባል የተሠራው በዚሁ ቅርጽ ነው።

ይህን ቃል የምወደው ከጎረቤቶቹ ጋር ሳስተያየው ነው። ተንጎራደደ፣ ተንከራተተ፣ ተንጎማለለ፤ ሁሉም «ተን» ብለው ይነሣሉ፣ ሁሉም መሄድ ናቸው። የሚለያቸው ግን ፍጥነት አይደለም። የሚንጎራደድ ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ልቡን የያዘው ነገር አለ። የሚንከራተት የሚፈልገውን አጥቷል። የሚንጎማለል ሰው እንደሚታይ ያውቃል። የሚንሸራሸር ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ ባይደርስም የሚቀርበት ነገር የለም። አራቱን እያቀያየሩ የሚጽፉ ሰዎች የሰውየውን ስሜት ሳያውቁት ይለውጡታል።

«ወክ» የተባለው መጤ ቃልም ቦታውን አግኝቷል። በእንግሊዝኛ ማንኛውም በእግር መሄድ ወክ ነው። አማርኛ ግን አጥብቦ ለመዝናኛው ብቻ ወሰደው፤ ቢሮው የረፈደበት ሰው በእግሩ ቢሮጥም ቢራመድም «ወክ አደረግሁ» አይልም። ሽርሽር በተቃራኒው ሰፍቶ መኪና ላይ ወጥቷል፤ የመኪና ሽርሽር ስንል አይከብደንም።

ወደ ምንጩ ስንሄድ ወጥመድ አለ። ዝርዝር ከዘረዘረ፣ ፍርፍር ከፈረፈረ ይወጣል። እንግዲያው ሽርሽር ጎርፍ አፈር ሲሸረሽር ከምንለው ግሥ መጣ ለማለት ያሰኛል፤ እግር መንገዱን ቀስ በቀስ እየሸረሸረ ሲሄድ በዓይን ይታያልና። ያምራል፣ ማስረጃ ግን አይደለም። የፊደል መግጠም ዝምድናን አያረጋግጥም። ሁለቱን ትርጉሞች የሚያገናኝ መካከለኛ አገባብ በቆየ ጽሑፍ ላይ፣ ወይም ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ግሥ በእኅት ቋንቋ ውስጥ መገኘት አለበት።

እንግሊዝኛ በዚሁ ወጥመድ ወድቋል። ሶንተር፣ ማለትም መንሸራሸር፣ የመጣው «ሳንት ቴር» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፣ ወደ ቅድስት ምድር እንሄዳለን እያሉ ምጽዋት ከሚለምኑ ሥራ ፈቶች፣ ተባለ። እንግሊዛዊው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 በመዝገበ ቃላቱ አስገባው፤ አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ስለ መራመድ በጻፈውና በ1862 በታተመው ጽሑፉ ይበልጥ አሳመረው። ዛሬም ብዙዎች እንደ እውነት ይደግሙታል። ቃሉ ግን በመንሸራሸር ትርጉሙ በጽሑፍ የታየው በ1660ዎቹ ነው። ቀዳሚው ሳይሆን አይቀርም የሚባለው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ቃል «ሳንትረን» በሐሳብ መዋጥ ማለት ነበር፤ ተሳላሚም ለማኝም በውስጡ የለም።

ይሄኛው ታሪክ ከተፈጠረው ይልቅ ደስ ይለኛል። እዚያ ሐሳቡ ቀድሞ እግሩ ተከተለ፤ እኛ ዘንድ እግሩ ለሐሳቡ ቃል አዋሰ። ልዩነቱ ግን አለ። ሳንትረን የአንድ ሰው ነው። በአማርኛ ሐሳብ እንዲንሸራሸር ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ያሰላስላል፣ ያውጠነጥናል እንጂ ሐሳብ አያንሸራሽርም።