ሐረጎ ዳገት ላይ የያዘኝ ፍሬን

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ስወጣ መኪናዬ ደከመች። አልገረመኝም። ሞተሯ አሮጌ ነው፤ ዳገቱም ሐረጎ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ። ይህን ሁሉ ከፍታ የምንወጣው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ነው። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተርም ጉልበት ያንሰዋል። እንዲያ ብዬ ማርሹን ወደ ከባዱ አወረድኩና ነዳጅ ጨመርኩ።

ሦስት አራት ኩርባ እንደሄድን የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ረዳቴም ሸተተው። እኔ ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ነው አልኩ። ሐረጎ ላይ የተቃጠለ ፍሬን መሽተቱ ብርቅ አይደለም። የጭነት መኪናው ርቆ ከሄደ በኋላም ሽታው አልሄደም። በጎን መስታወት ሳይ ከመኪናዬ መሃል፣ ከሆዷ ሥር፣ ቀጭን ጭስ ይወጣል።

ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጌ ቆምኩ። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ አስገባ። በደረቴ ተኝቼ ከሥር ሳይ ከካምቢዮው ጀርባ ያለው የፍሬን ታምቡር፣ ፍሬኑ የሚይዘው ክብ ብረት፣ ቀለሙ ተለውጦ ሰማያዊ መስሏል። ዙሪያው ያለው ቅባት ይጨሳል። እሳት ማጥፊያዬን አውጥቼ አጠገቤ አስቀመጥኩ። አንድ የአካባቢው ልጅ ሊረዳን ብሎ ጀሪካን ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሊደፋበት ሲል ከኋላችን መኪናቸውን ያቆሙ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ጮኹ።

«ተው! ተው ልጄ፣ ውሃ እንዳታስነካው! ይሰነጠቃል!»

እውነታቸውን ነው። የጋለ የታምቡር ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፉበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ነበልባል ከተነሳ እሳት ማጥፊያ አለ፤ ካልተነሳ በራሱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሽማግሌው ድሮ በባቲና በሚሌ በኩል አሰብ ድረስ የነዱ ሰው ናቸው። ጥለውን አልሄዱም።

እዚህ ላይ ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ። አሜሪካ ሠራሽ ናት። በፊት ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ነበረች፤ በጨረታ ገዛኋት። ሥራዬ ገጠር እየዞርኩ የፀሐይ ኃይል መብራትና የውሃ ፖምፓ መግጠም ነው። ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ባቲ፣ ከሚሴ እሄዳለሁ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው አድራለሁ። ስለዚህ ውስጧን አልጋ፣ ትንሽ ማብሰያና የውሃ ጋን ገጥሜ ቤት አደረግኳት። ቤት የሆነች መኪና ደግሞ ከሌላው በላይ ጥሩ የማቆሚያ ፍሬን ያስፈልጋታል። ሰው ተኝቶባት ያድራል።

የእሷ ፍሬን ብዙዎቻችን ከለመድነው የእጅ ፍሬን ይለያል። አንድ ጠንካራ ሞላ አለ። ሞላው ሁልጊዜ ፍሬኑን መያዝ ይፈልጋል። ስንነሳ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱ ሞላውን ጨቁኖ ፍሬኑን ያስለቅቃል። የማርሹን ዘንግ «ፒ» ላይ፣ ማለትም ማቆሚያው ላይ፣ ስናደርግ ዘይቱ ይመለሳል፣ ሞላው ኬብሉን ይስባል፣ ፍሬኑ ይይዛል። የሚይዘውም ጎማ አይደለም። ከካምቢዮው ወጥቶ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው።

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። ዘይት ቢፈስ መኪናዋ አትንሸራተትም፣ ትይዛለች። ትልልቅ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች ላይ ያለው የአየር ፍሬንም ሥራው ያው ነው፤ እዚያ ሞላውን የሚጨቁነው አየር ነው። ችግሩ ግፊቱ በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ ሲቀንስ ነው። ያኔ ሞላው ግማሽ ይይዛል። መኪናዋ ትሄዳለች፣ ታምቡሩን ተጭኖ የሚይዘው የፍሬን ሸራ ግን እያሸው ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ጋዙን ስለቅ ቶሎ ስለምትቆም ይገባኝ ነበር። ዳገት ላይ ግን ሁሉንም በዳገቱ አሳበብኩ።

ታምቡሩ ሲቀዘቅዝ ከደሴ የጠራሁት መካኒክ ደረሰ። ከሥር ገብቶ ብዙ አልቆየም። «ና እየው» አለኝ። ከፖምፓው አጠገብ የአውራ ጣት የምታህል የግፊት ስዊች አለች። ሥራዋ ግፊቱ ሲወርድ ፖምፓውን ማስነሳት፣ ሲሞላ ማቆም ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦው የሚሰካባትን ጫፍ ነቀለው። ደረቅ መሆን የነበረበት ሶኬት ውስጥ ቀይ ዘይት ሞልቶ ነበር። ጠብ ጠብ ብሎ እጁ ላይ ወረደ። ዘይቱ በስዊቿ ሆድ አልፎ በሽቦው በኩል ሲወጣ ከርሟል።

ከዚያ የጠየቀኝን ጥያቄ መቼም አልረሳውም። «ምን ዘይት ነው የምትጨምርበት?»

«የፍሬን ዘይት።»

ዝም ብሎ አየኝ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ያኔ ገባኝ። ከወራት በፊት የዘይት መያዣው ጎድሎ አይቼ፣ ፍሬን ስለሆነ ብዬ የፍሬን ዘይት ጨምሬበታለሁ። ያ ፖምፓ ግን የሚሠራው በቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ለዚያ ዘይት የተሠሩ የጎማ ማሸጊያዎችን ያበላሻል። ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ ከዚያ ማሳለፍ ይጀምራሉ። ስሙ ብቻ አሳሳተኝ። እባካችሁ መያዣው ላይ ወይም መክደኛው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ጽሑፉ ከጠፋ እንደኔ አትገምቱ፤ ለመኪናችሁ ሞዴል የተጻፈውን መመሪያ ፈልጉ።

ሁለተኛው ስህተቴ ደግሞ የጆሮ ነው። ለሳምንታት እየነዳሁ ከሥር «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ እሰማ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ይጮህና ያቆማል፣ እንደገና ይጮሃል። የመጠጥ ውሃው ፖምፓ ነው ብዬ ተውኩት። የውሃ ቧንቧ ትንሽ ሲያፈስ እሱም እንዲሁ ነውና የሚጮኸው። እንዲያውም አንድ ቅዳሜ ሙሉ የማጠቢያውን ቧንቧ ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። ለካ የሚጮኸው የፍሬኑ ፖምፓ ነው። ግፊቱ ሲወርድበት እየሞላ፣ ሲወርድበት እየሞላ ሲለፋልኝ ነበር። አሁን ለይቼዋለሁ። የመጠጥ ውሃውን ፖምፓ በማጥፊያው አጠፋለሁ። ድምፁ ከቀጠለ የፍሬኑ ነው።

ወደ ሐረጎ ልመለስ። ፍሬኑ አንዴ ሙሉ በሙሉ ስለያዘ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። መካኒኩ መጀመሪያ ያየው ድንጋዮቹን ነው። በአራቱም ጎማ ሥር አስደረገና ረዳቴን ሾፌር ወንበር ላይ አስቀምጦ የእግር ፍሬኑን አስያዘው። ከዚያ የኬብሉን ማስተካከያ ቡሎን በረዥም ቁልፍ ቀስ እያለ አላላው። ፊቱን ከኬብሉ መስመር ዘወር አድርጎ ነበር። ሞላው ኃይለኛ ነው፤ በድንገት ከተለቀቀ ሰው ይጎዳል። ሲላላ ታምቡሩ «ቷ» ብሎ ለቀቀ። ወደ ደሴ የገባነው ያለ ምንም የማቆሚያ ፍሬን ነው። ረዳቴ ድንጋይ ታቅፎ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

ስዊቿ ደሴም ኮምቦልቻም አልተገኘችም። ውጭ ያለው የአክስቴ ልጅ ገዝቶ እስኪልካት ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። በዚያ መሃል የሆነው ነገር ከጭሱ ይልቅ ነው ያስደነገጠኝ።

ቤታችን ያለበት ሰፈር ተዳፋት ነው፤ ደሴ ውስጥ ሜዳ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ረዳቴ መኪናዋን ትንሽ አስጠግቶ ማርሹን «ፒ» ላይ አደረገና ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከጎማው ሥር ታኮ፣ ማገጃ፣ አላደረገም። በሩን ሲዘጋ መኪናዋ ተነቃነቀች። ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደችና የኋላ ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከቦዩ ማዶ ልጆች ብይ ይጫወቱ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ማንንም አልነካችም። እጄ ግን እስኪመሽ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ረዳቴን አልተቆጣሁም። ትንንሽ አውቶማቲክ መኪናዎች ላይ «ፒ» ማለት ካምቢዮው ውስጥ ጥርስ ገብቶ ይቆልፋል ማለት ነው። እሱም የሚያውቀው ያንን ነው። የኔ መኪና ካምቢዮ ግን ያ ጥርስ የለውም። «ፒ» እዚያ ለፍሬኑ «ያዝ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ኬብሉ ከላላ፣ ሸራው ካለቀ ወይም ዘይት ከነካው ትእዛዙን የሚሰማ የለም። ይህን እኔም ያወቅኩት በሁለተኛው ቀን መካኒኩ ነግሮኝ ነው፤ ለረዳቴ ሳልነግረው ቀረሁ። መኪናችሁን ለሌላ ሰው ስትሰጡ ከቁልፉ በፊት ይህን ንገሩት።

ስዊቿ ስትመጣ ሥራው አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። የተደባለቀውን ዘይት አወጣን፤ አዲስ ቀይ ዘይት ደጋግመን እያስገባን አጠብነው። ያበጡትን የጎማ ማሸጊያዎች ቀየርን። ታምቡሩን ስንፈታ ደግሞ የካምቢዮው የኋላ ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው፣ በሙቀቱ ደርቆ ዘይት እየረጨ ነበር፤ ሸራዎቹ ርሰዋል። አንድ ሰው በቤንዚን አጥበን በእሳት እናድርቀው አለ። መካኒኬም እኔም እምቢ አልን። ዘይት የጠጣ ሸራ ላዩ ቢደርቅም ሲግል ዘይቱን መልሶ ያወጣል። ገንዘብ ቢከብደኝም አዲስ አስለበጥኩ። ታምቡሩም ስንጥቅ እንደሌለው በደንብ ታይቶ ተላገ።

ሸራውን ስናስተካክል ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ኬብሉ ይላላል። ከዚያ ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ማስተካከያው ይዞራል፤ ቀጥሎ ታምቡሩ በነፃነት እስኪዞር ትንሽ ይመለሳል። ኬብሉ የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ሰው ኬብሉን ብቻ አጥብቆ ይተወዋል። ያኔ ሸራው ሁልጊዜ ትንሽ እየነካ ይሄዳል። እንደኔ ዓይነት ጭስ ለማየት ስዊች መበላሸት አያስፈልግም።

አሁን በየወሩ መጀመሪያ ላይ ጠዋት ግማሽ ሰዓት እሰጠዋለሁ። የዘይቱን ልክና ቀለም አያለሁ። ቀይ ካልሆነ፣ ጠቁሮ ወይም አረፋ ይዞ ከሆነ አልነዳም። የስዊቿን ሶኬት ነቅዬ በነጭ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ጨርቁ ላይ ቀይ ነጥብ ከታየ ለመቀየር አንድ ትርፍ ስዊች አለኝ። ለፖምፓው ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ሪሌም ትርፍ ይዣለሁ፤ ሪሌው ተጣብቆ ከቀረ ፖምፓው ሳያርፍ ይሠራና ራሱን ያቃጥላል። ከዚያ ታኮ አድርጌ ፖምፓውን አስነሳና ዝም እስኪል እጠብቃለሁ። ዝም ካለ በኋላ ሰዓት እይዛለሁ። ያ ዝምታ ከወር ወር ካጠረ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው።

ክረምት ሌላ ነገር አለው። ደሴ ጭጋግና ዝናብ ላይ መኪና ሁለት ሳምንት ከቆመ ሸራው ከታምቡሩ ጋር በዝገት ይጣበቃል። በጉልበት ነድቼ ማስለቀቅ ትቻለሁ። ረዥም ጊዜ የምትቆም ከሆነ ሜዳ ቦታ ፈልጌ፣ ጎማዎቹን በታኮ ከፊትም ከኋላም አስሬ፣ ፍሬኑን አላልቼ እተዋታለሁ። ያኔ መሪው ላይ ትልቅ ወረቀት አንጠለጥላለሁ፦ «ፍሬን የለም»።

አዲስ በሚመጡት ብዙ መኪናዎች ላይ ደግሞ የማቆሚያ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚያዝ ሆኗል። እዚያ ዘይት አይፈስም፤ ባትሪ ሲሞት ግን ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። የኋላ ሸራ ለመቀየርም መጀመሪያ ሞተሩን በኮምፒውተር ወይም በመመሪያው መሠረት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በጉልበት የሚገፋ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት።

ሽማግሌውን ሾፌር ከወራት በኋላ ኮምቦልቻ አገኘኋቸው። ቁርስ ጋብዤ፣ የሆነውን ሁሉ አወራሁላቸው። ሲሰሙኝ ቆዩና ከመኪናቸው ሁለት የወይራ ታኮ አወጡ። ጫፋቸው በጎማ ክብ ልክ ተጠርቧል፤ እጀታቸው ላይ ገመድ አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔ ሌላ አለኝ፤ አንተ ውሰድ። ድንጋይ ለቅመህ መንገድ ላይ ጥለህ አትሂድ፤ ሌላ ሰው ይገለበጥበታል» አሉኝ።

ሐረጎ ላይ የተውናቸው አራት ድንጋዮች ትዝ አሉኝ። ወደ ደሴ ስንወጣ እዚያው ቦታ ቆምን። ሁለቱ ገና ከአስፋልቱ ዳር ነበሩ። ረዳቴ አንስቶ ከቦዩ ማዶ ወረወራቸው፤ እኔም የወይራ ታኮዎቹን ከጎማው ሥር አንስቼ ተሳፈርኩ።